ትሉ አስተያየት የጠየቀበት ሳምንት

የሚዛንና መለኪያ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ኃላፊውን በስማቸው የሚጠራቸው ሰው አልነበረም። ፊት ለፊት «ጋሼ» ይባላሉ፤ ዞር ሲሉ «ቁጥር» ይባላሉ። ያውቁታል። አልተቀየሙም፤ እንዲያውም ከብዙ ሰው ስም ይልቅ የእሳቸው ሥራቸውን በትክክል ይገልጻል ባይ ናቸው።

በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ በዚያ በር የገባ ወረቀት ሁሉ በእጃቸው አልፏል፤ ያለ ቁጥር ያለፈ ግን የለም። የሠርግ መጥሪያ ቁጥር አለው። የጎረቤት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ተሳስቶ ሲመጣ መጀመሪያ ገቢ ይሆናል፣ ከዚያ ወጪ ሆኖ ለባለቤቱ ይላካል። አንድ ጊዜ የሚዛን መርማሪዎቹ ሊቀልዱባቸው ብለው ባዶ ፖስታ አሽገው ላኩላቸው። ከፈቱት፣ ገልብጠው አራገፉት፣ «ባዶ ፖስታ፣ አንድ» ብለው መዘገቡት። መርማሪዎቹ ፖስታው ለምን ባዶ እንደሆነ በጽሑፍ እንዲያስረዱ ተጠየቁ፤ አስረዱም።

ከጠረጴዛቸው በላይ በመስታወት የተለበጠ ባለ አሥራ አራት አንቀጽ መመሪያ ተሰቅሏል። ያረቀቁት ራሳቸው ናቸው። አንቀጽ ሦስት፣ ማንኛውም ደብዳቤ ሳይከፈት አይመለስም ይላል። አንቀጽ ዘጠኝ ደግሞ አስተያየት የተጠየቀበት ጽሑፍ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ የጽሑፍ አስተያየት ይሰጥበታል፣ ግልባጩም ለሁሉም ክፍሎች ይደርሳል ይላል። አንቀጽ ዘጠኝን የዘነጋ ሰው በአራተኛው ቀን ጠዋት ጠረጴዛው ላይ የማስታወሻ ደብዳቤ ያገኛል። በአምስተኛው ቀን ሁለተኛ ይደርሰዋል። ሦስተኛው የደረሰው ሰው እስካሁን የለም፤ የሰው ልጅ ሁለት ይበቃዋል።

ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ሲገቡ «አሁን ቁጥር አለቀላቸው» ተብሎ ነበር። የተባለው አልሆነም። ኢሜይል ሲመጣ ያትሙታል፣ ማህተም ይመቱበታል፣ ቁጥር ይሰጡታል፣ ከዚያ ለሚመለከተው ክፍል በእጅ ይልኩታል፤ ክፍሉ በኢሜይል ደርሶት አንብቦ ጨርሶ እንኳ ቢሆን።

ይህ ሁሉ ጨዋታ ነው። ጨዋታ ያልሆነው አንድ ቁጥር ነበር፤ ወጪ ቁጥር 1204።

ከስድስት ዓመት በፊት እናታቸው ማክሰኞ ንጋት ላይ ሆስፒታል ውስጥ አረፉ። አንድ ታናሽ ወንድም አላቸው፤ አውቶቡስ ሙሉ ቀን በሚጓዝበት ሌላ ከተማ የቴክኒክ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነው። የትምህርት ቤቱ ስልክ በብጣሽ ወረቀት ተጽፎ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ነበር። ቁጥር ከሆስፒታሉ ወጥተው በቀጥታ ቢሮ ገቡ፣ ታይፕራይተሩ ፊት ተቀመጡ፣ «ጉዳዩ፦ የእናታችንን ዕረፍት ስለማሳወቅ» ብለው ጻፉ፣ ቁጥር ሰጡት፣ ፖስታ ቤት ወስደው በአደራ ደብዳቤ ላኩት፣ ደረሰኝ ተቀበሉ። እናትየው በማግስቱ ተቀበሩ። ደብዳቤው በአምስተኛው ቀን ደረሰ። በስድስተኛው ቀን ታናሽየው ፖስታውን በእጁ እንደያዘ በራቸው ላይ ቆመ።

«ለእማዬ ቁጥር ሰጠሃት?» አለ።

«ደረሰኙ አለኝ» አሉ ቁጥር።

ሌላ ነገር ሊሉ ነበር፤ የወጣው ይህ ሆነ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ አይመለስም። ታናሽየው ብቻውን መቃብሩ ጋ ሄደ፣ ብቻውን አለቀሰ፣ በዚያው ቀን በማታው አውቶቡስ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። «ምን ሆናችሁ?» ብሎ ለጠየቀ ሁሉ ቁጥር ደረሰኙን ከደረት ኪሳቸው እያወጡ ያሳያሉ፤ ቀኑ አለ፣ ማህተሙ አለ፣ ጥፋት የለም። ነገሩን የሚያውቁ ዘመዶች ታረቁ ሲሏቸው «ዝም አይነቅዝም» ይሉ ነበር። ሰው ሁሉ ይህን ተረት የሚጠቅሰው ሊነቅዝ የጀመረ ነገር ሲኖረው ነው።

ኮምፒውተራቸው ውስጥ «ረቂቅ» የሚባል ፋይል ነበራቸው። የወንድማቸውን የኢሜይል አድራሻ ከአንድ ዘመድ ተቀብለው አድራሻ መዝገቡ ውስጥ ካስገቡ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ደብዳቤው ግን አልሄደም፤ ሁልጊዜ የሚስተካከል ነገር አይጠፋውም። ለአርባ አንደኛ ጊዜ ሲስተካከል እንዲህ ይል ነበር፦

«ወንድሜ፣ የዚያን ቀን ስልኩን አንስቼ ነበር። ሁለት ጊዜ። ድምፄ እምቢ አለኝ። እጄ ግን እሺ አለኝ፤ ስለዚህ ጻፍኩ። ደረሰኙን ለሰው የማሳየው ይህን ላለመናገር ነው። ጥፋተኛ ነኝ። አንተ ሳትደርስ መቀበር አልነበረባትም። ይህን ብዙ ጊዜ ልነግርህ አስቤ ነበር።»

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የማህተም ቀለም ከሚያቀርብላቸው ነጋዴ ኢሜይል መጣ። «ሰላም። ይህን ፋይል የላክሁት አስተያየትዎን ፈልጌ ነው። መልስዎን እጠብቃለሁ» ይላል። ሥሩ ላይ የተያያዘ ፋይል አለ። የቀለም ነጋዴ የመዝገብ ቤት ኃላፊን አስተያየት መጠየቁ ለቁጥር ተገቢ ሆኖ ታያቸው፤ እንዲያውም ዘግይቷል። ገቢ ቁጥር 3187 ሰጡትና ከፈቱት። ውስጡ ነጋዴው ለኪራይ ስላወጣው ቤት የጻፈው ማስታወቂያ ነው። ቁጥር መነጽራቸውን አስተካክለው «የክፍሎቹ ስፋት በካሬ ሜትር ቢገለጽ» የሚል አስተያየት ጻፉ፣ ላኩለት፣ ወደ ሌላ ሥራቸው ሄዱ። ኮምፒውተሩ ለጥቂት ደቂቃ ሲያጉረመርም ቆይቶ ዝም አለ።

ማክሰኞ ጠዋት የሕግ ክፍል ኃላፊው የታሸገ ፖስታ ይዞ መጣ።

«የተጠየቀው አስተያየት ነው ጋሼ» አለና አስቀምጦ ወጣ። ሲወጣ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው፤ ያ በር ቀስ ተብሎ ተዘግቶ አያውቅም።

ቁጥር ፖስታውን ከፈቱ። «ጥፋተኛ ነኝ የሚለው አገላለጽ በላኪው ላይ ኃላፊነት ሊያስከትል ስለሚችል፣ ክፍተት ተፈጥሯል በሚል ቢተካ» ይላል። ቀጥሎ የተያያዘውን ወረቀት ገለጡ። «ወንድሜ፣ የዚያን ቀን ስልኩን አንስቼ ነበር።»

ወረቀቱን አገላብጠው የላኪውን ስም ፈለጉ፤ የራሳቸው ነው። በሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው እንዲህ አፍረው አያውቁም፤ ፊታቸው ከጆሮ ግንዳቸው ጀምሮ ጋለ። የተላከበትን ዝርዝር ኮምፒውተሩ ላይ አዩ። ረቂቁ ሰኞ ጠዋት ከሳቸው አድራሻ፣ «አስተያየትዎን ፈልጌ ነው» ከሚል ቃል ጋር፣ አድራሻ መዝገባቸው ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ ሄዷል። ለዳይሬክተሩ ሄዷል። ለሚዛን መርማሪዎቹ ሄዷል። የዝርዝሩ መጨረሻ አካባቢ የወንድማቸው አድራሻ አለ።

ጣታቸው ያልሆነ ቦታ ተጭኖ ነው ብለው አመኑ። ሌላ ሰው ቢሆን ተሳስቼ ነው፣ ተውት ይላል። መመሪያው ውስጥ ግን አንቀጽ አሥራ አንድ አለ፤ ወጪ የሆነ ደብዳቤ አይሳብም ይላል፤ ለዚያ አንቀጽ የታገሉት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ተቀመጡና የገዛ በደላቸው ላይ የሚመጣውን አስተያየት እየተቀበሉ ቁጥር መስጠት ጀመሩ።

አስተያየቱ እንደ ጉድ ጎረፈ። የሠራተኛ አስተዳደር «የሟች የሞት ማስረጃ አልተያያዘም» አለ። የላቦራቶሪው ኃላፊ «ብዙ ጊዜ አስቤ ነበር የሚለው ስንት ጊዜ እንደሆነ አይታወቅም፤ መለኪያ ይኑረው» ብሎ በቀይ አሰመረበት። የሚዛን መርማሪዎቹ አምስት ሆነው አንድ አስተያየት ጻፉ፤ «ደብዳቤው አጭር ነው፤ እኛ ግን አንብበን ስንጨርስ ምሳ ሰዓት አልፎ ነበር» ይላል። ይህን ምን ለማለት እንደጻፉት ቁጥር ገብቷቸዋል፤ ሆኖም «የአስተያየቱ ጭብጥ ግልጽ አይደለም» ብለው መዘገቡት። ዳይሬክተሩ በግራ ኅዳጉ ላይ «አይቼዋለሁ። የሚመለከተው ክፍል በአስቸኳይ ይፈጽም» ብለው ፈረሙ። የሚመለከተው ክፍል የቱ እንደሆነ አልገለጹም።

የመሥሪያ ቤቱ ሹፌር ኮምፒውተር የለውም። የሆነ ሰው አትሞ ሰጥቶት ኖሮ እሱም ረቡዕ ጠዋት ወረቀቱን በአራት አጥፎ አመጣ። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ አንድ መስመር ጽፏል። «ጋሼ፣ ይደውሉላቸው እንጂ።»

ቁጥር ይህንንም ገቢ አደረጉት። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ሌላ ወረቀት አላነሱም።

በዚያው ረቡዕ የሌላውም ሰው ጉድ መውጣት ጀመረ። የቁጥርን ደብዳቤ ከከፈተው ሰው ሁሉ ኮምፒውተር አንዳንድ ፋይል እየተመዘዘ በዚያው ቃል ለሁሉም ይላካል፤ ማንም ደግሞ ነገሩን አልጠረጠረም፤ ጋሼ የጀመሩት አሠራር ነው ተብሎ ታሰበ። የሕግ ክፍል ኃላፊው በጎረቤቱ ውሻ ላይ ያረቀቀው የክስ ማመልከቻ ወጣ፤ የሚዛን መርማሪዎቹ ጩኸቱ በምን መሣሪያ እንደተለካ ጠየቁ። ዳይሬክተሩ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ለመዛወር በምስጢር የጻፉት ማመልከቻ ወጣ። አንቀጽ ዘጠኝ አለና ሠራተኛው በሙሉ አስተያየቱን በጽሑፍ ሰጠ፤ ተቃውሞ አልነበረም። ዳይሬክተሩ ሃያ ዘጠኙን የድጋፍ ደብዳቤ አንድ በአንድ አነበቡና የቢሯቸውን በር ዘግተው ዋሉ። ከሰዓት በኋላ ወረቀት አለቀ።

ቁጥር የዚህ ሁሉ መነሻ መሆናቸው አልጠፋቸውም፤ ሐሳባቸው ግን ሌላ ቦታ ነበር። ሰኞ የሄደው ደብዳቤ ለአንድ ሰው ደርሷል ወይስ አልደረሰም? ለሌላው ሁሉ መድረሱን አስተያየቱ ይመሰክራል። ከታናሽየው በኩል ግን ሰኞም፣ ማክሰኞም፣ ረቡዕም ምንም የለም። አልከፈተው ይሆናል። ስሜን ሲያይ ሰርዞት ይሆናል፤ እኔ ብሆን እሰርዘው ነበር፣ አሉ በልባቸው። በዚህ ለራሳቸው እንኳ እውነቱን አልተናገሩም፤ እሳቸው ደብዳቤ ሰርዘው አያውቁም።

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ኮምፒውተራቸውን ሲከፍቱ የወንድማቸው ስም ስክሪኑ ላይ ነበር።

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ ስሙ አለ። ሥሩ ላይ «ሰላም። ይህን ፋይል የላክሁት አስተያየትዎን ፈልጌ ነው» ይላል። «እርስዎ» ይላቸዋል። ታናሽየው ልጅ ሆኖ ጀርባቸው ላይ እየታዘለ ወንዝ የተሻገረ ነው፤ እርስዎ ብሏቸው አያውቅም። ስድስት ዓመት ሰውን እንዲህ ያርቀዋል ማለት ነው ብለው አሰቡና አንገታቸውን ደፉ። ፋይሉን ሊከፍቱ ሲሉ በሩ በኃይል ተከፈተ።

«ጋሼ! እጅዎን ያንሱ! ምንም ነገር እንዳይነኩ!»

የኮምፒውተር ባለሙያዋ ነበረች። ማሽን በታመመ ቁጥር ስለምትጠራ «ሐኪሟ» ይሏታል። ሳምንቱን ሙሉ በዓመት ፈቃድ ላይ ነበረች፤ ነገሩ ያላማረው ሹፌሩ ነው ቤቷ ሄዶ የጠራት። ጠረጴዛው ሥር ገብታ የኔትወርኩን ገመድ ነቀለች፤ ስትወጣ ጸጉሯ ላይ የስንት ዓመት አቧራ ተሸክማለች።

«ትል ገብቶብናል» አለች።

ቁጥር ወለሉን አዩ።

አራት ሰዓት ላይ ሠራተኛው ሁሉ አዳራሽ ተሰበሰበ። ሐኪሟ ቆማ አስረዳች። የሚሄዱት ፋይሎች የላኪያቸው ጥፋት አይደሉም፤ ራሱን የሚያባዛ ፕሮግራም ነው፤ ትል ይባላል። ቫይረስ ሌላ ፕሮግራም ላይ ተጣብቆ ይኖራል፤ ትል ግን ራሱን ችሎ በራሱ እግር ይሄዳል።

«ትል እግር አለው እንዴ?» አለ የሕግ ክፍል ኃላፊው።

«ይኸኛው አለው» አለች። «ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። ከሁሉ በፊት የመጣው ክፉ አልነበረም፤ ከማሽን ማሽን እየዞረ እዚህ ደርሻለሁ ብሎ ይጽፋል፣ ሌላ ሥራ የለውም። እሱን እያሳደደ የሚያጠፋ ሌላ ተሠራለት። ከዓመታት በኋላ ደግሞ አንድ ተማሪ የራሱን ለቀቀ። ያ ትል አዲስ ማሽን ላይ ሲደርስ፣ እኔ እዚህ ቤት አለሁ ወይ ብሎ ይጠይቃል። አለህ ከተባለ መመለስ ነበረበት። ልጁ ግን ቢዋሹኝስ ብሎ ጠረጠረ። ስለዚህ ከሰባት አንዴ፣ አለህ ቢባልም አላምንም ብሎ እንዲገባ አደረገው። ማሽኖቹን ያቆማቸው ተንኮል አይደለም፤ ያቺ አላምንም ናት። አንዱ ማሽን ላይ ስንትና ስንት ትል ተከማችቶ ሥራ ቀጥ አለ።»

«ማረጋገጫ መጠየቁ ግን ተገቢ ነው» አሉ ቁጥር ከኋላ ወንበር።

«መጠየቁ ተገቢ ነበር ጋሼ። መልሱን አለማመኑ ነው የፈጀን።»

ዳይሬክተሩ ተነሡ። የሠላሳ ሁለቱም ኮምፒውተር ሆድ ዕቃ ከቀኑ አሥር ሰዓት በፊት ሙሉ በሙሉ እንዲጠረግ፣ በዚህ ሳምንት የመጣ ፋይል ሁሉ ሳይከፈት እንዲጠፋ አዘዙ። በተለይ የተወሰኑ ፋይሎች ቀድመው ቢጠፉ ደስ እንደሚላቸው ጨመሩ። የትኞቹ እንደሆኑ ማንም አልጠየቀም።

ቁጥር ተቀምጠው ቀሩ። ስለዚህ የጻፈላቸው ታናሽየው አይደለም። እርስዎ ያላቸውም እሱ አይደለም። ትል ነው። አንዴ ቀለላቸው፣ ወዲያው ደግሞ ከበፊቱ ከፋባቸው፤ የቀዘቀዘ ደብዳቤ እንኳ ከምንም ይሻል ነበር። አዳራሹ ባዶ ሲሆን ሐኪሟን በር ላይ ደረሱባት።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ትሉ ደርሶት ያልከፈተ ሰው፣ ዝም ብሎ የተወው ሰው፣ ከሱ ኮምፒውተር ወደ ሌላ ይሄዳል?»

«አይሄድም። ካልተከፈተ ሞቶ ይቀራል። የሚሄደው ፋይሉን ከፍቶ ካየ ሰው ብቻ ነው።»

«ሌላ መንገድ የለውም?»

«የለውም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ጋሼ፣ ከሰባት አንዴም አልጠራጠርም።»

ቁጥር ግድግዳውን ተደገፉ። እንግዲያስ ታናሽየው ከፍቶታል። ስማቸውን አይቶ አልሰረዘውም። ከፍቶታል፣ ስልኩን አንስቼ ነበር የሚለውን አይቶታል፣ ጥፋተኛ ነኝ የሚለውን አይቶታል። ሃያ ስድስት ዓመት ሲቀበሉና ሲሰጡ ኖረው እንደዚህ ያለ ደረሰኝ አይተው አያውቁም።

«ምነው? አመመዎት?» አለች ሐኪሟ።

«አላመመኝም። የኔን ማሽን መቼ ነው የምትጠርጊው?»

«መጨረሻ ላይ። ትሉ መጀመሪያ የገባው በርስዎ ነው፤ በደንብ ነው የማጥበው።»

«ከዚያ በፊት አንድ ፋይል ልከፍት እፈልጋለሁ።»

ሐኪሟ አየቻቸው። ረቂቁን እሷም ሹፌሩ ሊጠራት ሲመጣ በያዘው ሌላ ግልባጭ ላይ አንብባለች፤ አስተያየት ግን አልሰጠችም። የዓመት ፈቃድ ላይ ያለ ሰው አንቀጽ ዘጠኝ አይመለከተውም።

«ታዟል እኮ ጋሼ። ሳይከፈት ይጥፋ ነው የተባለው።»

«የዳይሬክተሩ ትእዛዝ ዛሬ የወጣ ነው። አንቀጽ ሦስት ግን ከወጣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።»

«ፋይሉ የወንድምዎ መልእክት አይደለም» አለች ዝግ ብላ። «ትሉ ዓይኑን ጨፍኖ ከኮምፒውተራቸው ያነሣው ነገር ነው። የፈተና ወረቀት ሊሆን ይችላል። የግዢ ዝርዝርም ሊሆን ይችላል። ባዶ ነገር ጠብቀው እንዳያዝኑ።»

«ባዶ ፖስታም መዝግቤ አውቃለሁ» አሉ።

ሐኪሟ ትንሽ አሰበች። ገመዱ ተነቅሏል፤ ማሽኑ እንደሆነ ታሟል፤ የታመመ ሰው ሌላ ጉንፋን ቢይዘው አይብስበትም። «እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ነው» አለችና ሌሎቹን ልትጠርግ ሄደች።

ቁጥር ቢሮ ገብተው በሩን ዘጉ። ፋይሉ ላይ ሁለት ጊዜ ጫኑ። ኮምፒውተሩ እንደ ሰኞው አጉረመረመ፤ ትሉ መውጫ ሲፈልግ ነው፣ መውጫ ግን የለም። ከዚያ አንድ ገጽ ተከፈተ።

ቅጽ ነው። ከላይ «የሠራተኛ የግል መረጃ» ይላል፤ የቴክኒክ ትምህርት ቤቱ ነው። ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ የሚያስሞላው ይመስላል፣ ቀኑ የዘንድሮ ነው፤ ትሉ ከመምጣቱ ከአራት ወር በፊት የተሞላ። ቁጥር ቅጽ ማንበብ ያውቁበታል፤ ከላይ ጀምረው አንድም ሳይዘሉ ወረዱ። የትምህርት ደረጃ። የሚያስተምረው፣ የኤሌክትሪክ ሥራ። የመኖሪያ ቤት ስልክ። የደም ዓይነት፤ ከሳቸው ጋር አንድ ነው። ዘጠነኛው መስመር «አደጋ ቢደርስ የሚጠራ ሰው» ይላል።

«ታላቅ ወንድሜ» ተብሎ ተሞልቷል። ቀጥሎ የመዝገብ ቤቱ ስልክ አለ፤ አሁን በቀኝ እጃቸው በኩል የተቀመጠው ስልክ። አንድም አኃዝ አልተሳሳተም።

ከሥሩ «ልዩ ማሳሰቢያ» የሚል ክፍት ቦታ አለ። ሰው አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ይተወዋል። ታናሽየው ሞልቶታል።

«በስልክ ይነገረው። በደብዳቤ እንዳይሆን።»

ቁጥር ይህን መስመር አነበቡት። ደግመው አነበቡት። መጀመሪያ ሳቅ መጣባቸው፣ ሳቁ መንገድ ላይ ሳለ ተበላሸና ዓይናቸውን ሞላው። ስድስት ዓመት ሙሉ ተኳርፈው፣ በየዓመቱ ይህ ቅጽ ሲመጣ ያ ልጅ እኔ ብሞት ይጥሩልኝ ብሎ የሚጽፈው እሳቸውን ነው። ማን ያውቃል፣ ከዓመት ዓመትም ማሳሰቢያውን አልዘነጋ ይሆናል።

ታናሽየው ከትምህርት ቤት ወደ ቤቱ እስኪመለስ ጠበቁና ስልኩን አነሡ። የዚያን ቀኑ ሁለቱ ተቆጥሮ ለሱ ብለው ስልክ ሲያነሡ ሦስተኛ ጊዜያቸው ነው። የቤቱን ቁጥር ከቅጹ ላይ እያዩ ደወሉ፤ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። አራት ጊዜ ጠራ።

«ሃሎ» አለ ታናሽየው። ድምፁ ጎርነን ብሏል።

ቁጥር አፋቸውን ከፈቱ። ምንም አልወጣም። ልክ እንደዚያ ማክሰኞ።

«ሃሎ? ማን ልበል?»

ደረት ኪሳቸውን በእጃቸው ያዙ። ደረሰኙ ወረቀቱ አልቆ ጨርቅ መስሏል።

«ወንድም ጋሼ?» አለ ታናሽየው።

«እንዴት አወቅከኝ?» አሉ ቁጥር። ለዚህች ድምፅ መጣላቸው።

«ደውሎ ዝም የሚል ሌላ ዘመድ የለኝማ።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ደብዳቤህ ደርሶኛል።»

«መቼ?»

«ሰኞ። ማክሰኞም ደረሰኝ። ረቡዕ አሥራ አንድ ጊዜ ደረሰኝ።»

«ሁሉም አንድ ናቸው» አሉ ቁጥር። «ትል ነው የላካቸው። እኔ ልኬው አይደለም፤ እውነቱን ልንገርህ፣ እኔማ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳልልከው ነው የኖርኩት።»

«አውቃለሁ፣ እዚህም ዛሬ ነገሩን። ሁሉንም አነበብኳቸው።»

«አንድ ናቸው እኮ። ለምን ሁሉንም?»

«አንዱ ላይ የጨመርከው ነገር ይኖር ይሆን ብዬ ነዋ።»

ቁጥር ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን መመሪያ አዩ። አሥራ አራቱም አንቀጽ ለዚህ የሚሆን ነገር የለውም። የሚጨመረው ምን እንደሆነ ያውቁታል፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያውቁታል፤ አርባ አንድ ጊዜ ሲያስተካክሉ ያልገባበት አንድ ነገር እሱ ብቻ ነው፣ ተጽፎ አያልቅምና። ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«እማዬ ሞተች» አሉ።

ሌላ አልጨመሩም። ቀን አልጠቀሱም፣ ሰዓት አልጠቀሱም። በመስመሩ ማዶ ወንበር ሲጎተት ተሰማ፤ ሰው ሊቀመጥ ሲል የሚጎተት ወንበር ነው። ከዚያ ታናሽየው፣ የአርባ ስምንት ዓመት ሰው፣ እንደ ሕፃን ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። ቁጥርም አለቀሱ። ሁለቱም ሲችሉ ዝም ይላሉ፣ ሳይችሉ ሲቀሩ ይቀጥላሉ።

«በሰላም ነው የሄደችው?» አለ ታናሽየው በኋላ።

«አንተን ጠርታ ነበር» አሉ ቁጥር። ይህንንም ለማንም ተናግረውት አያውቁም።

ሐኪሟ አሥር ሰዓት ሲሆን ዲስኳን ይዛ መጣች፣ በሩን ከፈት አድርጋ አየች፣ መልሳ ዘጋችው። ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ሹፌሩ ሲያልፍ ምን እንደምትጠብቅ ጠየቃት፤ በአገጯ ወደ በሩ ጠቆመችው፤ እሱም አጠገቧ ተቀመጠ።

ዓርብ ጠዋት የሐኪሟ ሪፖርት መዝገብ ቤት ገባ። ሠላሳ አንድ ኮምፒውተር በተሰጠው ጊዜ ውስጥ ተጠርጓል፤ አንድ ኮምፒውተር ሃምሳ አምስት ደቂቃ ዘግይቷል። ረቂቁም ቅጹም አብረው ጠፍተዋል። «የዘገየበት ምክንያት» በሚለው ቦታ «ኃላፊው ስልክ ላይ ነበሩ» ይላል። ቁጥር ሪፖርቱን ከላይ ጀምረው አነበቡ፣ ማህተም መቱበት፣ ቁጥር ሰጡት። ከዚያ የስድስት ዓመቱን የአደራ ደረሰኝ ከደረት ኪሳቸው አውጥተው አብረው አስገቡና ፋይሉን ዘጉት፤ ቅዳሜ ማልደው ወደ ወንድማቸው የሚሄደውን አውቶቡስ ስለሚሳፈሩ ጠረጴዛቸውን ባዶ ማድረግ ነበረባቸው።